ዐሥሩን መቅሠፍት ከግብፅ ሃይማኖት ጋር አጣምራችሁ እንዴት ታነባላችሁ?

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ዘጸአትን እያጠናን ነበር። አንድ ሰንጠረዥ አትሜ ሄድኩ። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የሚገኘው ዓይነት ነው፤ በግራ ዐሥሩ መቅሠፍት፣ በቀኝ ዐሥር የግብፅ አማልክት። ደሙ ለሃፒ፣ ጓጉንቸሩ ለሄቄት፣ ዝንቡ ለከፕሪ እያለ ይወርዳል። ልጆቹ ወደዱት። ከዚያ አንዷ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እጇን አወጣችና “ከፕሪ ጥንዚዛ ነው ተብሎ የለ? ጥንዚዛና ዝንብ ምን አገናኛቸው?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። “አጣርቼ እመጣለሁ” ብያት ወደ ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ ወራት የፈጀ ንባብ ውስጥ ገባሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ሰንጠረዡ ግማሹ ጠንካራ ነው፤ ግማሹ ግን ቁጥሩ ዐሥር እንዲሞላ ብቻ የተለጠፈ ነው። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ራሳችሁ የምታነቡበትን መንገድ ላሳያችሁ ነው። የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለት ባለቀለም እርሳስና ሁለት ሦስት ምሽት ነው።

ከምዕራፍ 7 አትጀምሩ

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ደሙ ይሄዳል። እናንተ ግን ከምዕራፍ 1 ጀምሩና ምዕራፍ 5 ላይ ቆም በሉ። ሙሴ ሕዝቤን ልቀቅ የሚለውን ቃል ይዞ ሲገባ ፈርዖን ምን አለ? “እግዚአብሔር ማን ነው?” አለ። አላውቀውም፣ አልለቅምም (ዘጸ. 5፥2)። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን እርሳስ አንሱ። ከምዕራፍ 7 እስከ 10 “ማወቅ” የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር አስምሩበት፦ 7፥5፣ 7፥17፣ 8፥10፣ 8፥22፣ 9፥14፣ 9፥29፣ 10፥2። “ታውቅ ዘንድ”፣ “ያውቃሉ” እያለ ይመላለሳል። ሁለተኛውን እርሳስ ደግሞ ለግብፃውያን ንግግር አስቀምጡት። ጠንቋዮቹ፣ ሹማምንቱ፣ ወታደሮቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አስምሩ። ይህ ኋላ ላይ ይጠቅማችኋል።

አማልክቱስ የት አሉ? ልብ በሉ፤ በዐሥሩ መቅሠፍት ትረካ ውስጥ አንድም የግብፅ አምላክ በስሙ አልተጠራም። ሃፒ የለም፣ የፀሐይ አምላኩ ራ የለም፣ ቅዱስ በሬው አፒስ የለም። ያለው 12፥12 ላይ “በግብፅም አማልክት ሁሉ ላይ ፍርድን አደርጋለሁ” የሚለው ነው፤ ዘኁልቁ 33፥4 ደግሞ ይደግመዋል። ስለዚህ ፍርዱ በአማልክት ላይ መሆኑ የመጽሐፉ ቃል ነው። የትኛው መቅሠፍት የትኛውን አምላክ መታ የሚለው ግን የአንባቢ ሥራ ነው። እነዚህን ሁለቱን አታደባልቁ።

ማአትን ሳታውቁ ወደፊት አትሂዱ

ስለ ግብፅ ሃይማኖት አንድ ነገር ብቻ የምታነቡበት ጊዜ ካላችሁ ስለ ማአት አንብቡ። ከእኛ “መዓት” ጋር ድምፁ ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው። ማአት ማለት ሥርዓት፣ እውነት፣ ፍትሕ፣ ነገር ሁሉ በቦታው መሆኑ ነው። ፀሐይ በሰዓቷ መውጣቷ ማአት ነው። ወንዙ በወቅቱ መሙላቱ ማአት ነው። ዳኛ በእውነት መፍረዱም ማአት ነው። ራሷ ላይ የሰጎን ላባ የሰካች ሴት ሆና ትሣላለች።

ይህንን ሥርዓት የመጠበቅ ሥራ የማን ነው? የፈርዖን። ዋናው ሥራው ይኸው ነው። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ንጉሡ ትንሿን የማአት ምስል በመዳፉ ይዞ ለአማልክት ሲያቀርብ ተሥሎ ታገኙታላችሁ። “ሥራዬን እየሠራሁ ነው” እንደማለት ነው። እሱ ካለ ዓለም ይቆማል፤ እሱ ከወደቀ ዓለም ወደ ትርምስ ትመለሳለች።

አሁን ይህን ይዛችሁ መቅሠፍቶቹን ተመልከቱ። ወንዙ ተበላሸ፣ እንስሳው ከቦታው ወጣ፣ ከብቱ ሞተ፣ ሰማዩ እሳትና በረዶ አወረደ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ አልጋ ወራሹ ሞተ። ማአት ደረጃ በደረጃ ፈረሰ። ለአንድ ግብፃዊ አስፈሪው ነገር የተመታው አምላክ ስም አይደለም፤ ጠባቂ ነኝ ያለው ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ እያለ ሁሉም መፍረሱ ነው። እኔን ካሳመኑኝ ንባቦች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ሰንጠረዡ ከዚህ በታች ነው የሚመጣው።

ለእያንዳንዱ መቅሠፍት ሦስት ጥያቄ

አንድ፦ የተመታው ነገር ለግብፃዊ ኑሮ ምን ነበር? ሁለት፦ በእርግጥ የዚህ ነገር ኃላፊ የሚባል አምላክ ነበረ? ሦስት፦ ያ አምልኮ በሙሴ ዘመን ነበረ ወይስ በኋላ የመጣ ነው? ሦስቱንም ካለፈ ጠንካራ በሉት። ሁለቱን ካለፈ በእርሳስ ጻፉት። አንዱን ብቻ ካለፈ ተዉት።

ወንዙን እንሞክረው። ግብፅ ውስጥ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ኑሮ ሁሉ የተንጠለጠለው በዓመታዊው ሙላት ላይ ነው። ሙላቱን የሚያመጣው ደግሞ የእኛ ክረምት ነው፤ ዓባይና ተከዜ ከደጋው አፈር ጠርገው ይወርዳሉ፣ ያ ደለል የግብፅ እርሻ ይሆናል። ግብፃውያን ግን ይህን አያውቁም። ውኃው በኤሌፋንቲን ደሴት አጠገብ ካለ ዋሻ ይፈልቃል ብለው ያምኑ ነበር፤ የዚያ በር ጠባቂ ክኑም ነው። ሙላቱ ራሱ ደግሞ ሃፒ ይባላል፤ ሆዱ የተንዘረጠጠ፣ ጡቱ የወደቀ፣ ጥጋብን የሚያሳይ አምላክ ነው። መዝሙር ይዘመርለት ነበር። አምልኮው ከሙሴ ዘመን በፊትም ነበረ። ሦስቱንም ጥያቄ አለፈ። ጠንካራ ነው።

ግን እዚህ ላይ ወደ ምዕራፍ 1 ተመለሱ። የዕብራውያን ወንዶች ልጆች የተጣሉት የት ነው? እዚያው ወንዝ ውስጥ (1፥22)። ሃፒ ሕይወት ሰጪ ነው ተብሎ በተዘመረለት ውኃ ውስጥ። ውኃው ደም ሆኖ ሲታይ የተደበቀው ነገር ወደ ላይ የወጣ ይመስለኛል። የግብፅን ሃይማኖት ባታውቁም ይህ ይገባችኋል፤ ስታውቁት ግን ያማል።

ጓጉንቸሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሄቄት የጓጉንቸር ራስ ያላት የወሊድ አምላክ ናት። በሴቷ ፈርዖን በሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ክኑም ሕፃኑን በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ሲያበጅ፣ ሄቄት ደግሞ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ የሕይወትን ምልክት ስትዘረጋ ይታያል። ሙላቱ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ጓጉንቸር ይርመሰመሳል፤ ስለዚህ የመራባት ምልክት ሆነ። በግብፅ የሥዕል ፊደል የጓጉንቸር ጫጩት ሲሣል መቶ ሺህ ማለት ነው። አሁን ዘጸአት 8ን አንብቡ። ጓጉንቸሩ መኝታ ቤት ገባ፣ አልጋ ላይ ወጣ፣ ምድጃ ውስጥ፣ ቡሃቃ ውስጥ ሳይቀር። ሊጥ ላቦካ ብላ ክዳኑን ያነሣችው ሴት ምን እንዳየች አስቡት። የወሊድ በረከት የተባለው ነገር የዕለት እንጀራ ላይ ተከመረ፤ ከዚያ ሞቶ ምድሩ ገማ። ይህም የሆነው ፈርዖን አዋላጆቹን ሕፃናት ግደሉ ካለ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ጠንቋዮቹ በደሙም በጓጉንቸሩም “እኛም እንችላለን” ብለው አደረጉት። ምን አደረጉ? ተጨማሪ ደም፣ ተጨማሪ ጓጉንቸር። ማጥፋት አልቻሉም። ፈርዖን የግድ ሙሴን ጠርቶ “አስወግድልኝ” አለ። ሙሴም መቼ እንደሚፈልግ እንዲመርጥ ሲጠይቀው “ነገ” አለ (8፥10)። ለምን ዛሬ አላለም? እኔ መልስ የለኝም፤ ልጆቹን ግን ጠይቋቸው፣ ጥሩ ውይይት ይወጣዋል።

ሦስተኛው ላይ ሰንጠረዡ ይደክማል። አንዳንዱ ትርጉም ቅማል፣ አንዳንዱ ተናካሽ ትንኝ ይለዋል። ትቢያው ስለተመታ የምድር አምላክ ጌብ ነው የተዋረደው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ቀጭን ነው። ከዚያ የሚሻል መረጃ አለ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የግብፅ ካህናት ቅማል እንዳይገኝባቸው በየሁለት ቀኑ መላ ሰውነታቸውን ይላጩ ነበር፤ በቀን ሁለቴ፣ በሌሊት ሁለቴ ይታጠቡ ነበር። ሄሮዶቱስ ከሙሴ በጣም ዘግይቶ የጻፈ ስለሆነ በእርሳስ ነው የምንይዘው። ግን አስቡት፤ ንጽሕና ሥራው የሆነ ካህን ሰውነቱ ሲወረር ወደ መቅደስ መግባት አይችልም። ጠንቋዮቹ “ይህስ የእግዚአብሔር ጣት ነው” ያሉት እዚህ ላይ ነው (8፥19)። ሁለተኛውን እርሳስ አንሱ፣ አስምሩ።

ዝንቡን ለከፕሪ ከሰጣችሁት ሰርዙት። የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነበር። ከፕሪ የንጋት ፀሐይ አምላክ ነው፤ ምልክቱም ፍግ የሚያንከባልለው ጥንዚዛ ነው። በዕብራይስጡ ያለው ቃል ራሱ “ድብልቅ” የሚል መንፈስ ያለው ስለሆነ የአይሁድ ትውፊት የአራዊት መንጋ ነው እስከማለት ደርሷል። በዚህ መቅሠፍት ውስጥ ከአምላክ ስም ይልቅ የሚመዝነው እስራኤላውያን የሚኖሩባት የጌሤም ምድር መለየቷ ነው (8፥22)። ፈርዖን ምድሪቱ ሁሉ የእኔ ናት ይላል፤ እዚያው ውስጥ ትእዛዙ የማይደርስበት ሠፈር ተገኘ።

የከብቱ ቸነፈር ጠንካራ ነው። በሜምፊስ አፒስ የሚባል በሬ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ብቻ፤ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። ሲሞት እንደ ንጉሥ በመድኃኒት ታሽቶ ይቀበራል። ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት በ1850 እና በ1851 እ.ኤ.አ. በሳቃራ መቃብራቸውን ሲያገኝ በአሥሮች የሚቆጠር ቶን የሚመዝኑ የድንጋይ ሣጥኖች ነበሩበት። ለበሬ! ሐቶር የምትባለው አምላክም በላም ትመሰላለች። ከዚያ 9፥7ን አንብቡ፤ ፈርዖን ሰው ልኮ የእስራኤልን ከብት አስቆጠረ። አንድም አልሞተም። መረጃውን አይቶ ልቡ ደነደነ።

ቁስሉን ሙሴ የምድጃ አመድ በፈርዖን ፊት ወደ ሰማይ በትኖ ነው ያመጣው። የአንበሳ ራስ ያላት አምላክ ሴክመት በሽታን ላኪም ፈዋሽም ናት፤ ካህናቷ ሐኪሞች ነበሩ። ፈርዖን ሳልሳዊ አሜንሆቴፕ በመቶ የሚቆጠሩ ሐውልቶቿን አሠርቷል። ይያዝ። ኢምሆቴፕን የሚጨምሩ አሉ። እሱ የንጉሥ ጆሰርን ፒራሚድ የሠራ ሰው ነው፤ እንደ ሙሉ አምላክ መመለክ የጀመረው ግን ከሙሴ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ወደቀ።

በረዶው ላይ ስለ ሰማይ አምላክ ኑት ይነገራል። እኔን የሚይዘኝ 9፥31 እና 32 ነው፤ ተልባና ገብስ ተመቱ፣ ስንዴና አጃ ዘግይተው ስለነበር ተረፉ። ገበሬ ያየው ዝርዝር ነው። የተልባ ተክል ማለት ደግሞ ለግብፅ ልብስ ነው፤ የካህናቱ ነጭ ልብስ፣ የሙታን መገነዣ ሁሉ ከእሱ ነው። የተረፈውን አንበጣው ጨረሰው። አንበጣን ለአገራችን አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሰው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሽላው ላይ ሲሟገት አይተናል። የፈርዖን ሹማምንት “ግብፅስ እንደ ጠፋች ገና አታውቅምን?” ያሉት በዚህ ጊዜ ነው (10፥7)። አስምሩ። “ማወቅ” አሁን በግብፃውያን አፍ ገባ።

ጨለማው ከሁሉ የጠነከረ ነው። ፈርዖን “የራ ልጅ” የሚል ማዕረግ አለው። ራ በየሌሊቱ በጀልባ ዐሥራ ሁለቱን የጨለማ ሰዓት ያቋርጣል፤ አፔፕ የሚባለው እባብ ሊውጠው ይጠብቃል፤ ካህናት በየንጋቱ ሥርዓት ያደርሳሉ። ፀሐይ ስትወጣ “ዛሬም አሸነፈ” ማለት ነው። አንድ ቀን ካልወጣችስ? ሁለት ቀን? ሦስት? ማንም ከቦታው አልተነሣም ይላል 10፥23። ጨለማ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ጀልባው አልደረሰም ብለው ነው።

በኩሩን በሁለት መስመር ብቻ ልለፈው፤ ቀልድ ያልሆነ ኀዘን ነውና ስታስተምሩም ቀስ በሉ። ሕያው ፈርዖን ሆረስ የተባለው አምላክ ነው፤ ሲሞት የሙታን አምላክ የሆነውን ኦሲሪስን ይሆናል፣ ልጁ ደግሞ ሆረስ ይሆናል። የአልጋ ወራሹ ሞት ይህን ሰንሰለት ቆረጠው፤ 4፥22 እና 23 ላይ “እስራኤል የበኩር ልጄ ነው” ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር።

ልቡን መዝኑት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አማርኛው አንዳንድ ቦታ “ጸና”፣ አንዳንድ ቦታ “ደነደነ” ይላል። ዕብራይስጡ ግን በብዙ ቦታ፣ ለምሳሌ 7፥14 እና 9፥7 ላይ፣ የሚጠቀመው ቃል ከእኛ “ከበደ” ጋር አንድ ሥር ነው። የፈርዖን ልብ ከበደ ነው የሚለው።

አሁን የግብፅን የሙታን ፍርድ ሥዕል ፈልጉ። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የአኒ ፓፒረስ ጥሩ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ይገኛል። መሐል ላይ ሚዛን አለ። በአንዱ ጽዋ የሟቹ ልብ፣ በሌላው የማአት ላባ። ልቡ ከከበደ አጠገቡ የቆመችው አውሬ ትበላዋለች፤ ራሷ አዞ፣ የፊት አካሏ አንበሳ፣ የኋላ አካሏ ጉማሬ ነው። ለግብፃዊ ከባድ ልብ ማለት ጥፋተኛ ማለት ነው። እና የማአት ጠባቂ የተባለው ሰው፣ ገና በሕይወት እያለ፣ ልቡ ከባድ ነው ተባለ።

በዚያ ላይ ይኸው “ከባድ” የሚለው ቃል በዕብራይስጡ ለዝንቡ፣ ለቸነፈሩ፣ ለበረዶውና ለአንበጣውም ተነግሯል። ልቡ ይከብዳል፣ መቅሠፍቱም ይከብዳል። መጀመሪያ ሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ስትዘጋጁ የምትጠነቀቋቸው

የኢፑወር ፓፒረስን “የመቅሠፍቱ ማስረጃ” ብለው የሚያጋሩ ሞልተዋል። ኔዘርላንድ፣ ላይደን ያለ ጽሑፍ ነው፤ “ወንዙ ደም ነው” የሚል መስመር በእርግጥ አለበት። ግን ስለ ትርምስ የተጻፈ የሰቆቃ ድርሰት ነው፤ ባዕዳን ወደ ግብፅ መግባታቸውን እንጂ ከግብፅ መውጣታቸውን አያወራም። እንደ ማስረጃ አታቅርቡት። ማአት ሲፈርስ ግብፃዊ እንዴት እንደሚናገር ለማሳየት ግን ግሩም ነው።

ጓጉንቸር የገደለ በሞት ይቀጣ ነበር የሚለውንም ተዉት። ሄሮዶቱስ እንዲህ ብሎ የጻፈው ስለ ኢቢስ ወፍና ስለ ጭልፊት ነው።

“ተፈጥሮአዊ ነው” የሚል ሰው ቢመጣ አትደንግጡ። ግሬታ ሆርት የምትባል ምሁር በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ከልክ ያለፈ ጎርፍ ቀይ አፈርና ጥቃቅን ነፍሳት አምጥቶ ወንዙን አቀላው፣ ሌላው ከዚያ ተከታተለ ብላለች። ብዙ ተከራክረውበታል። ለእኛ ጥናት ግን የሚለውጠው ነገር የለም፤ ለግብፃዊ ጎርፉ ራሱ ሃፒ ነውና።

ቁጥርና ቅደም ተከተል ላይም አትድረቁ። መዝሙር 78 (በግእዙ ዳዊት 77) ቅማሉን፣ ቁስሉንና ጨለማውን አይጠቅስም፤ መዝሙር 105 ደግሞ ከጨለማው ይጀምራል። ዐሥር ሣጥን ሠርቶ ለእያንዳንዱ አንድ አምላክ መመደብ ከጽሑፉ ጠባይ ጋር የማይሄደው አንዱ ለዚህ ነው።

በቡድን ስታጠኑት

ሰንጠረዥ አታድሉ። ባዶ ወረቀት ስጡ። ሦስቱን ጥያቄ ጻፉላቸውና አንድ አንድ መቅሠፍት አከፋፍሏቸው፤ ጠንካራ፣ በእርሳስ፣ ወይም ይሰረዝ ብለው ራሳቸው ይፍረዱ። አይሁድ በፋሲካ ማዕድ የእያንዳንዱን መቅሠፍት ስም ሲጠሩ ከጽዋቸው የወይን ጠብታ ያወጣሉ፤ የጠላት ሥቃይ ደስታቸውን እንዲቀንስ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯቸው፣ የክፍሉን ድምፅ ይቀይረዋል።

መጨረሻ ላይ በሁለተኛው እርሳስ ያሰመራችሁትን ብቻ በተከታታይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጠንቋዮቹ በ8፥19። ቃሉን ፈርተው አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን ወደ ቤት ያስገቡት በ9፥20፤ እነዚህ እንኳ አልተናገሩም፣ አደረጉ እንጂ። ሹማምንቱ በ10፥7። ከዚያ ገጹን ገልብጡና ወደ ባሕሩ ሂዱ። በ14፥25 ሠረገላቸው የተያዘባቸው ወታደሮች እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ይዋጋልና እንሽሽ ይላሉ። ስሙን ጠሩት። አሁን ለልጆቹ 5፥2ን እንደገና አንብቡላቸው፣ ጠይቋቸውም፦ የንጉሡን ጥያቄ ማን መለሰ?